መንፈሳዊ አለቃ፣ ያልተከፈለ ትርፍ ሰዓት፦ እምነትን ወደ ሥራ ስናመጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሥራ ቦታ ላይ ስለ እምነት ሲነሳ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ሥራ ሌላ፣ እምነት ሌላ» ብሎ ይገላገላል። ሌላው ስብሰባውንም፣ ኢሜይሉንም፣ ግምገማውንም በጥቅስ ይሞላዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ በሌላ ሰው ላይ ጫና አይፈጥርም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ በቅን ልብ የሚሠሩ ናቸው። ለባለቤታቸው የማይታዩትም ለዚህ ነው።

ክፍያን በምርቃት መተካት

ዓርብ ማታ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ግሩፕ ላይ የአለቃ መልእክት ይገባል፦ «ውድ ቤተሰቦች፣ ነገ ጠዋት ሁላችንም እንገናኝ። ይሄ ሥራ ብቻ አይደለም፤ አገልግሎት ነው። ፈጣሪ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ።» ከሥሩ «አሜን» ይደረደራል። ስለ ትርፍ ሰዓት የሚጠይቅ የለም። ማን ደፍሮ ይጠይቃል? አንዴ «አገልግሎት ነው» ከተባለ በኋላ ሒሳብ የሚያነሳ ሰው ገንዘብ ወዳድ መባሉ ነው።

ሥራን እንደ ጥሪ ማየት ጥሩ ነገር ነው። ግን ይህ ሠራተኛው ከራሱ የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ አለቃ ከደመወዝ ላይ የሚቀንሰው አይደለም። ደግሞ ሃይማኖቶቹ ራሳቸው እዚህ ላይ ነገር አላድበሰበሱም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃ ሠራተኛ ዋጋ በዕለቱ፣ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈል ይላል። በእስልምና የተዘገበ ሐዲስ ለሠራተኛ ክፍያውን ላቡ ሳይደርቅ ስጡት ይላል። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ደግሞ የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ይላል። እንግዲህ መንፈሳዊ መሥሪያ ቤት እፈልጋለሁ የሚል መሪ መጀመሪያ የሚገልጠው የደመወዝ መዝገቡን ነው። የጸሎት ክፍሉን ቀለም መቀባት ትንሽ ይቆይ።

«ቤተሰብ ነን» የሚለውንም በዚሁ ጠርጥሩት። ቤተሰብ በጀት ሲያጥረው ልጅ አያሰናብትም።

«የማይፈልግ መቅረት ይችላል» ብሎ ነፃነት የሰጡ መምሰል

አለቃው ከስብሰባ በፊት «አንዴ እንጸልይ፤ የማይፈልግ መቅረት ይችላል» ይላል። ከልቡ ነው። ሠራተኛው ግን ሌላ ሒሳብ ይሠራል። ግምገማዬን የሚሞላው ማነው? ዕድገቴን የሚፈርመው ማነው? እዚያው መሃል ዓይኑን ጨፍኖ የቆመው ሰውዬ። ስለዚህ ይቆማል። እምነቱ ሌላ ቢሆንም ይቆማል፤ ጭራሽ እምነት ባይኖረውም ይቆማል። ውሎ አድሮ ሰው አለቃው ሲገባ ብቻ ጥቅስ ማንሳት ይለምዳል። የቀበሮ ባሕታዊ የሚበዛው እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ነው።

ሥልጣን ያለው ሰው ሲጋብዝ ግብዣው ከትእዛዝ ብዙም አይለይም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበረው ዳግ ሐመርሾልድ ይህ የገባው ይመስለኛል። ጥልቅ መንፈሳዊ ሕይወት ነበረው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1961 በአውሮፕላን አደጋ ሞቶ የግል ማስታወሻው እስኪገኝ ድረስ ብዙዎቹ የሚያውቁት ሰዎች ይህን አልጠረጠሩም። በኒው ዮርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ውስጥ በእሱ ክትትል ተዘጋጅቶ በ1957 የተከፈተው የጽሞና ክፍልም የየትኛውም ሃይማኖት ምልክት የለበትም። መሃሉ ላይ ከላይ ብርሃን የሚያርፍበት ትልቅ የብረት ማዕድን ቋጥኝ አለ። የፈለገ ገብቶ ይቀመጣል፤ ማን ገባ ማን ቀረ ብሎ የሚመዘግብ የለም።

መሪ ከሆናችሁ ከምታዘጋጁት የጸሎት ፕሮግራም ይልቅ የምትፈቅዱት ሰዓት ይበልጣል። አንዱ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ መውጣት ይፈልጋል። ሌላው ቅዳሜ አይሠራም፤ ሦስተኛው እሑድ። ፈረቃውን ሳያጉረመርሙ ማስተካከል ከመቶ የጠዋት ጥቅስ ይበልጣል።

የሚነገረውን ለፈጣሪ ነግሮ ለባለቤቱ አለመንገር

እኔ ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው ባይ ነኝ። ክፋቱ ደግነት መምሰሉ ነው።

አንድ ሠራተኛ ሪፖርት ያዘገያል። በሚቀጥለው ወርም ያዘገያል። አለቃው ይናደዳል፤ ግን መንፈሳዊ ሰው ነውና «ልቦና ይስጠው» ብሎ ይጸልይለታል። ባልደረቦቹ የጎደለውን እያመሹ ይሞላሉ። ዓመቱ ሲያልቅ ሠራተኛው ግምገማው ላይ «ደካማ» የሚል ያነባል። ክው ይላል። ለፈጣሪ ስንት ጊዜ ተነግሯል፤ ለእሱ ግን አንድም ቀን አልተነገረውም።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ዌልውድ ለዚህ ስም አውጥቶለታል። ራሱ የቡድሂዝም ተከታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዙሪያው ያሉ ሰዎች ተመስጦንና ከፍ ያለ ሐሳብን ተገን አድርገው ከቁጣቸው፣ ከቁስላቸው፣ ካልጨረሱት ጉዳይ ሲሸሹ አየ። ነገሩን መንፈሳዊ ማምለጫ ልንለው እንችላለን። ቢሮ ውስጥ በየቀኑ አለ። «ለበጎ ነው»፣ «አሉታዊ ኃይል አናምጣ»፣ «ተወው፣ እሱ ያውቃል» በሚሉ ቃላት ይመጣል። አንዳንዴ ቃላቱ እውነት ናቸው። አንዳንዴ ግን ከአስቸጋሪ ወሬ መሸሻ ናቸው። የሚለዩትም ከተናገርናቸው በኋላ ምን እንዳደረግን በማየት ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። አንዲት ሠራተኛ አለቃዋ እንደተነኮሳት ትናገራለች። ነገሩ ሳይጣራ «ይቅር በይው፣ መንፈሳዊ ሰው ነሽ» ትባላለች። ይቅርታ የተበደለ ሰው በራሱ ጊዜ የሚሰጠው ነገር ነው። የሰው ኃይል ክፍል ፎርም ሞልቶ የሚያዘው አይደለም። መጀመሪያ ነገሩ ይጣራ፤ እሷ ላይ ያለው አደጋ ይቁም። ይቅርታው የእሷ ጉዳይ ነው።

ወደ ሪፖርቱ እንመለስ። ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ ብቻውን ሆኖ ሳለ ሄደህ ንገረው ይላል። ምክሩ የሥራ አመራር አሠልጣኝ የጻፈው ይመስላል። በስብሰባ ፊት አይደለም፤ ለሦስተኛ ሰው በማማትም አይደለም። በር ዘግቶ፦ «ሪፖርቱ ባለፈው ወርም፣ በዚህም ወር ዘግይቷል። ምን ያዘህ? ከእኔ በኩል የሚስተካከል ካለ ንገረኝ። ሐሙስ ግን መድረስ አለበት።» አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የሚከብደው አፍን መክፈቱ ነው። መጸለይ ካለብን ለዚያ ድፍረት እንጸልይ።

ለተጨናነቀ ሠራተኛ የተመስጦ መተግበሪያ መስጠት

ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል ተመስጦ ላይ የተመሠረተ ሥልጠና ሲጀምር የመጡለት ሰዎች ሥር በሰደደ ሕመም የሚሠቃዩ ነበሩ። ዛሬ ነገሩ ብዙ ኩባንያ ገብቷል። ይጠቅማል፤ አልቃወምም። ግን የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ሰው ጭኖ «ለአሥር ደቂቃ ትንፋሽህን ተከታተል» ማለት ሹፈት ነው። ሰውዬው ትንፋሹ አልጠፋበትም። ሰው ነው ያጠረው።

«አገልጋይ መሪ» የሚለውን ማዕረግ ማድረግ

ይህን ሐሳብ በሥራው ዓለም ያስፋፋው ሮበርት ግሪንሊፍ ነው። የስልክ ኩባንያው ኤቲ ኤንድ ቲ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቶ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1970 ጻፈበት። መሪው ምን ያህል ትሑት እንደሚመስል አልለካም። መለኪያው የሚገለገሉት ሰዎች ነበሩ፦ የበለጠ ጤነኛ፣ አስተዋይ፣ ነፃ ሆኑ ወይ? ከሁሉ በታች ያለው ሰውስ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ? አሁን ግን «አገልጋይ መሪ» የሚለው ስም የግል መግለጫ ላይ የሚለጠፍ ጌጥ ሆኗል። በዓመት አንድ ቀን ለሠራተኛ ምሳ የሚያቀርብ፣ በሌላው ቀን በሩን ጠርቅሞ ብቻውን የሚወስን አገልጋይ ሞልቷል።

ከዚህ የቆየ፣ ግን እስካሁን የሚሠራ ነገር አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገዳም ሥርዓት የጻፈው ቤኔዲክት፣ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ አበምኔቱ መላውን ማኅበር ጠርቶ ይስማ ይላል። ምክንያቱም እግዚአብሔር የተሻለውን ብዙ ጊዜ ለታናሹ ይገልጣል። ይህን ወደ ሰኞ ስብሰባ ማምጣት ቀላል ነው። አለቃ መጨረሻ ላይ ይናገር። ገና የተቀጠረው ልጅ መጀመሪያ ይናገር። ኩዌከሮች የሚባሉት የክርስትና ማኅበር አባላት ደግሞ በጉዳይ ስብሰባቸው ድምፅ አይሰጡም፤ በዝምታ ይጀምራሉ፤ ነገሩ ሲጦዝም ዝም ይላሉ። ሁሉ ቦታ አይሠራም፤ እሳት የሚያጠፋ ቡድን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለአብዛኛው ስብሰባ ግን ትንሽ ዝምታ አይጎዳውም።

ልዩ ጊዜ መጠበቅ

«ሥራ ሲቀንስልኝ»፣ «ሱባኤ ስገባ»፣ «ጡረታ ስወጣ» እንላለን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ በአንድ ገዳም የነበረው ወንድም ሎራን የተመደበው ወጥ ቤት ነበር። ሥራውን በተፈጥሮው አይወደውም ነበር። የጸሎት ሕይወቱ የሚታወቀው ግን በዚያው በድስቱ መሃል ነው። ቤኔዲክትም የገዳሙ ዕቃ ያዥ ዕቃውን ሁሉ እንደ መሠዊያ ንዋየ ቅድሳት ይያዝ ብሏል። የጋራ ፕሪንተሩ ወረቀት ሲጨርስ የምንሞላው ወይስ ሹልክ የምንለው? የጥያቄው ደረጃ ይሄ ነው።

መጀመሪያ የሚሆን ነገር ለሚፈልግ፣ የኢየሱሳውያንን ማኅበር የመሠረተው ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማረው የዕለት ምርመራ አለ። ማታ ቀኑን ከጠዋት ጀምሮ መለስ ብሎ ማየት ነው። በምን አመሰግናለሁ? የቱ ጋ አጠፋሁ? ነገ ምን ላስተካክል? በደፈናው «ጥሩ ሰው አልነበርኩም» ማለት አይጠቅምም። ከሰዓት በኋላ የላክኩት ኢሜይል ላይ ለሦስት ሰው ኮፒ ያደረግኩት ለምን ነበር? ለመረጃ ወይስ ሰውዬውን ለማሳጣት? መልሱ ከታወቀ የነገው ሥራም ይታወቃል፦ ስልክ ደውሎ «ኮፒ ማድረግ አልነበረብኝም» ማለት።

ሥራው ራሱ ምን እንደሚሠራ አለመጠየቅ

የቡድሃ ትምህርት ትክክለኛ መተዳደሪያ፣ ማለትም ሌላውን በማይጎዳ ሥራ መኖር፣ ስምንት ክፍል ካለው መንገዱ አንዱ ክፍል ነው ይላል። ምእመን ሊርቃቸው የሚገቡ አምስት ንግዶችንም ይጠቅሳል፦ የጦር መሣሪያ፣ የሰው፣ የሥጋ፣ የአስካሪ ነገርና የመርዝ። ዝርዝሩ ላይ ላንስማማ እንችላለን። ግን ጠዋት በጽሞና ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ደንበኛን የሚያታልል ውል የሚያዘጋጅ ሰው የጽሞናው ሰዓት ማነስ አይደለም ችግሩ። ሁሉም ሰው ነገ ሥራውን ጥሎ መውጣት አይችልም፤ የቤት ኪራይ አለ፣ ልጅ አለ። ውሉ ላይ ያለችውን አሳሳች አንቀጽ ግን «ይህችን በትልቁ እንጻፋት» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።