«ጋር» ሁልጊዜ «ጋር» አይደለም፦ ሐረርና ድሬዳዋ ላይ የሚያሳስት አጭር ቃል

ለአማርኛ ተናጋሪ «ጋር» መዝገበ ቃላት የሚያስገልጥ ቃል አይደለም። ከእናቴ ጋር፣ ከጓደኛዬ ጋር፤ በቃ። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላይ ግን ይኸው ድምፅ፣ ወይም በአንድ አናባቢ ብቻ የሚለየው ወንድሙ፣ ቤትም ተራራም ሆድም ፍርድም ይሆናል። ማስታወቂያ የሚጽፍ፣ እንግዳ የሚያስጎበኝ፣ በጤና ጣቢያ የሚያስተረጉም ሰው ስህተቱን የሚሠራው ቃሉን ስለማያውቅ ሳይሆን የሚያውቀው ስለሚመስለው ነው።

«ጌይ ጋር»ን በአማርኛ ጆሮ መስማት

ጀጎል ውስጥ በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው። በሐረሪዎች ቋንቋ በጌይ ሲናን «ጌይ» ማለት ከተማ ነው፤ ለእነሱ ከተማዋ ራሷ ሐረር ናት። «ጋር» ደግሞ ቤት ነው። ስለዚህ «ጌይ ጋር» የከተማው ቤት፣ ማለትም ባህላዊው የሐረሪ ቤት ነው። አማርኛ የለመደ ሰው ግን ሐረጉ የጎደለ ነገር ያለው ይመስለውና «ከጌይ ጋር» ብሎ ሊሞላው ይሞክራል።

መለያው ያው «ከ» ነው። አብሮነትን የሚያሳየው የአማርኛው «ጋር» ከፊቱ «ከ» ይፈልጋል። የሐረሪው «ጋር» ስም ስለሆነ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከኋላው ቅጥያም ይቀበላል። «ጋርዞ» ሲሉ ቢሰሙ «ቤቱ» ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። «ጋር» ሁልጊዜ ሙሉውን ቤት አያመለክትም። «ጊዲር» ትልቅ ማለት ነውና «ጊዲር ጋር» የሚለውን ብዙ ሰው «ትልቅ ቤት» ብሎ ይተረጉመዋል። የሚባለው ግን በቤቱ ውስጥ ያለው ዋናው ክፍል ነው፤ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ነደባ የሚባሉት ከፍ ያሉ መቀመጫዎች ያሉበት። ነደባዎቹ አምስት ናቸው፤ ከእነሱም አራቱ እነዚህ ናቸው። ጊዲር ነደባ ትልቁ ነው፣ ጢት ነደባ ትንሹ፣ ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ጀርባ ያለው። አሚር ነደባ የቤቱ አባወራ ቦታ ነው። አስጎብኚ ሆኖ «ጊዲር ጋር»ን «ትልቅ ቤት» ብሎ ያስተዋወቀ ሰው፣ እንግዳው ትልቁን ቤት ፍለጋ ወደ ደጅ ቢመለከት ሊፈርድበት አይችልም። «ዋናው ክፍል» ይበሉት።

በራሳችን አማርኛ «ጋ»ን እና «ጋር»ን ማደባለቅ

የሌላውን ቋንቋ «ጋር» ለመለየት መጀመሪያ የራስን ማጥራት ያስፈልጋል። «እኔ ጋ ና» ማለት ወዳለሁበት ና ነው። «ከእኔ ጋር ና» ማለት አብረን እንሂድ ነው። «እኔ ጋር ና» የሚለው አነጋገር ሁለቱን ይቀላቅላል። ለተሳፋሪ «ሹፌሩ ጋር ሂድ» ተብሎ ሲነገረው ሹፌሩን አግኝ ነው የተባለው ወይስ ከሹፌሩ ጋር ጉዞ ጀምር? ቦታ ለማመልከት «ጋ»፣ ለአብሮነት «ከ... ጋር»፤ በጽሑፍ መልእክት ላይ ደግሞ ይህን መጠበቅ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም የድምፅ ቃና አያግዝም።

የኦሮምኛውን የአናባቢ ርዝመት አለመስማት

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። በኦሮምኛ ሦስት ቃላት አሉ። ሁለቱም አናባቢዎች አጭር ሲሆኑ «ገረ»፣ ወደ ማለት ነው፤ «ገረ ድሬ ዸዋ» ወደ ድሬዳዋ። መጨረሻው ሲረዝም «ገራ»፣ ሆድ ነው። መጀመሪያው ሲረዝም «ጋረ»፣ ተራራ ነው። የኦሮምኛ የላቲን አጻጻፍ፣ ቁቤ፣ ረጅሙን አናባቢ ሁለት ጊዜ ስለሚጽፍ ንባብ ላይ አያሳስትም። የእኛ ፊደል ግን የኦሮምኛን አጭርና ረጅም አናባቢ ለይቶ ለመያዝ አልተሠራም፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ሦስቱንም «ገራ» ወይም «ጋራ» ብለው ያልፋሉ።

ጤና ጣቢያ ላይ «ገራቱ ነ ዹኩበ» ያለች እናት ሆዴን ያመኛል ማለቷ ነው። መጀመሪያ የሰማውን «ገራ» ከ«ገረ» ጋር ያምታታ አስተርጓሚ ወዴት መሄድ እንደምትፈልግ ሊጠይቃት ይችላል። ርዝመቱ ካልተያዘልዎት ቀጥሎ ያለውን ቃል ይጠብቁ፦ ከ«ገረ» በኋላ የቦታ ስም ይመጣል፣ ከ«ገራ» ጋር ስለሕመምና ስለምግብ ይነገራል። አሁንም ካልጠራ ሰውየው ቃሉን ብቻውን ቀስ ብሎ እንዲደግመው ይጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ተራራው ላይ አማርኛም ድርሻ አለው። «ጋራ» በአማርኛም ተራራ ነው፣ «ጋራ ሸንተረሩ» እንላለን። በምሥራቅ ሐረርጌ ያለው ጋራ ሙለታ የኦሮምኛ ስም ሲሆን «የሚታየው ተራራ» እንደማለት ነው። «የጋራ ሙለታ ተራራ» ብሎ መጻፍ ተራራን ሁለቴ መጥራት ነው፤ ይህ ቀላል ጥፋት ነው። የከበደው ጋራ ሙለታን የማያውቅ አንባቢ «የጋራ» የሚለውን የሁላችን፣ የወል ብሎ ማንበቡ ነው። አረፍተ ነገሩን «ጋራ ሙለታ አካባቢ ያሉ...» ብሎ ቢጀምሩት ይድናል።

የሶማሊኛውን «ጋር» «የጋራ» ማድረግ

ይህ ትርጉሙን ይገለብጠዋል። በሶማሊኛ ረጅሙ «ጋር» ልዩ፣ የተለየ፣ የግል ማለት ነው። «ሺርከድ ጋር አህ» የግል ኩባንያ ነው። በአማርኛ «የጋራ» ብለን የምንጠራው ደግሞ በትክክል የዚህ ተቃራኒ፣ የብዙዎች የሆነው ነው። ውል ወይም ማስታወቂያ ሲተረጎም በድምፅ መመሳሰል ብቻ «የጋራ ኩባንያ» ቢባል የባለቤትነቱ ነገር ተበላሸ ማለት ነው።

አናባቢው ሲያጥር «ገር» ይሆናል፤ ይህ ፍርድ፣ ዳኝነት ነው፤ «ገርሶሬ» ዳኛ ነው። ሶማሊኛም እንደ ቁቤ ረጅሙን አናባቢ በሁለት ፊደል ይጽፋል። በላቲን ከተጻፈው ላይ ፊደሎቹን መቁጠር በቂ ነው፦ አንድ ከሆነ ፍርድ፣ ሁለት ከሆነ የግል።

«ጋሪ»ን በሦስቱም ቋንቋ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

አማርኛ ለሚናገር «ጋሪ» ፈረስ የሚጎትተው ነው። ሶማሊኛ ተናጋሪ «ጋሪ» ሲል መኪና ነው የሚለው፤ በሰሜኑ አነጋገር «ር»ዋ ምላስን ወደ ላይ ቆልምማ ወደ «ድ» የተጠጋ ድምፅ ትሆናለች። ኦሮምኛ ላይ «ጋሪ» ጥሩ ማለት ነው። ዋጋ እየተነጋገሩ «ጋሪ» ያለዎትን ኦሮሞ ነጋዴ መጓጓዣ እንደጠየቀ አይቁጠሩት፤ ተስማምቷል።

ለገሃርን ከለገሀሬ ማምታታት

የአዲስ አበባው «ለገሃር» ፈረንሳይኛ ነው፦ «ላ ጋር»፣ ባቡር ጣቢያው። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው፤ ቃሉም የመጣው ከዚያው የፈረንሳይኛ አነጋገር ጋር ነው። ድሬዳዋ ላይ «ለገሀሬ» የሚባል ሰፈር አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ይህንንም የባቡር ጣቢያው ስም ነው ብሎ በእርግጠኝነት ያስረዳል። ነገር ግን በኦሮምኛ «ለገ» ወንዝ፣ «ሀሬ» አህያ ነው። የመጨረሻዋን «ሬ» ቆርጦ «ለገሃር» ብሎ መጻፍ የሰፈሩን ስም ከቋንቋው ነጥቆ ለባቡር ሐዲዱ መስጠት ነው። የባቡር ጣቢያውን የፈለገ ሰው ድሬዳዋ ላይ ለባጃጅ ሹፌር «ባቡር ጣቢያ» ቢለው ይሻላል፤ ለገሀሬ የሚሄድም «ሬ»ዋን አይዋጣት።