ያቺ ጎል ችሎታ ናት ወይስ እድል? ሳይጣሉ የሚለዩበት መንገድ

ባለፈው መጋቢት ደብረ ማርቆስ ላይ የአክስቴ ልጅ አንድ ጎል አገባ። የሰፈር ጨዋታ ነው፣ ዋንጫ የለው ምን የለው። በቀኝ መስመር፣ ከጎሉ 30 ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን አነሳት። በረኛው ሁለት እርምጃ ወደፊት ወጥቶ ነበርና በላዩ አለፈች፣ የሩቁን ቋሚ ከውስጥ ነክታ ገባች። እሱ "አይቼ ነው የመታሁት" ይላል። ሌላው ሁሉ "ለማሻማት ነው እንጂ" ይላል። ይኸው ከዚያ ወዲህ ቡና ልንጠጣ በተቀመጥን ቁጥር ጭቅጭቅ ነው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፣ በኳስ ግን ጌታውም ሎሌውም ይቆጣል።

እኔ ሰለቸኝ። ቁጭ ብዬ እንዲህ ያለ ጎል እንዴት እንደሚዳኝ አሰብኩ። እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ጎል አይጠፋምና ተጠቀሙበት።

መጀመሪያ ጥያቄውን አስተካክሉት። "ችሎታ ነው እድል?" ብሎ የተጀመረ ክርክር አያልቅም፣ ምክንያቱም ሁለቱ በአንድ ምት ውስጥ አብረው ይገባሉ። ይልቅ ሦስት ቦታ ክፈሉት። ልጁ ምን ሊያደርግ አስቦ ነበር? ኳሷስ ያሰበውን አደረገች? ደግሞ ቢመታት ትገባለች? ለሦስቱ የተለያየ መልስ ልታገኙ ትችላላችሁ፣ ያ ደግሞ ችግር የለውም።

ሮናልዲንሆን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ፣ ጃፓን ሺዙኦካ ላይ፣ ብራዚል ከእንግሊዝ። 1 ለ 1 እያሉ በቀኝ በኩል ሩቅ ቦታ ቅጣት ምት ተገኘ። ሁሉም ያሻማታል ብሎ ሲጠብቅ ኳሷ ተንሳፋ በእንግሊዙ በረኛ በሲማን ጭንቅላት ላይ አልፋ ገባች። ብራዚል 2 ለ 1 አሸነፈች። በዚያች ጎል ስንት ሰው ተጣልቷል! ልጁ በኋላ ሲጠየቅ ወደ ጎል እንደመታት፣ ግን በትክክል የገባችበትን ቦታ እንዳላሰበ ተናግሯል። በእኛ ሚዛን ሲታይ፦ ሐሳቡ ነበረ፣ ኳሷ የሄደችው ግን ሌላ ቦታ ነው። ግማሽ ችሎታ፣ ግማሽ እድል። ይህን ተቀብሎ ቡናውን መጠጣት የሚችል ሰው ግን ብዙ አላየሁም።

ቀጥሎ በረኛው የት እንደቆመ እዩ። ብዙ ሰው አግቢውን ብቻ ያያል። ያው ሲማን እ.ኤ.አ. በ1995 ፓሪስ ላይ በአውሮፓ ዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ ለአርሰናል ሲጫወት፣ ተጨማሪው ሰዓት ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩት የሳራጎሳው ናይም ከሩቅ መትቶ በላዩ አስገባበት። ሰባት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ሮናልዲንሆ። ሁለቱም ጊዜ በረኛው ከመስመሩ ወጥቶ ነበር። በብራዚል በኩል ካፉ "ይህ በረኛ ወደፊት ይወጣል" ብሎ አስቀድሞ ለሮናልዲንሆ ነግሮታል ይባላል። ስለዚህ አግቢው ከመምታቱ በፊት አንገቱን ቀና አድርጎ በረኛውን አይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካየ፣ ነገሩ ወደ ችሎታ ያጋድላል። መሬት መሬት እያየ ከመታ ግን እግዜር ይስጠው በሉት።

ሐሳቡን ለማወቅ አግቢውን አትጠይቁ። ጎል ያገባ ሰው ምስክር አይሆንም። "አስቤበት ነው" የማይል ማን አለ? ሰውነቱን ጠይቁት፣ ሰውነት አይዋሽም።

የእኛን ጎል አንድ ልጅ በስልኩ ቀርጾት ነበር። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን፣ አምስት ጭንቅላት ገጥመን፣ ወደ ኋላ እየመለስን አየነው። አሥራ ምናምን ጊዜ ይሆናል። መጀመሪያ ማንም ያላስተዋለው አንድ ነገር አለ፦ የአክስቴ ልጅ ከመምታቱ በፊት ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሳ። ልክ ማዕዘን ምት ሲመታ ለጓደኞቹ "መጣች!" እንደሚል። በዚያው ቅጽበት ሁለት አጥቂዎች ወደ ሳጥኑ መሮጥ ጀመሩ። ወደ ጎል ሊመታ ያሰበ ሰው ለማን ነው እጅ የሚያነሳው? ይህን ስናሳየው "ለደጋፊው ነው" አለ። ደጋፊው ስምንት ሰውና አንድ አህያ ነበር።

ሁለተኛው ምልክት ኳሷ ከገባች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰከንድ ነው። አስቦ ያገባ ወዲያው ይሮጣል። ሳያስበው የገባችለት መጀመሪያ ይቆማል፣ ዙሪያውን ያያል፣ ከዚያ ነው መሮጥ ትዝ የሚለው። የእኛው ጀግና እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆሞ ነበር። ይህ ምልክት ግን ብቻውን አይበቃም። የስቶኩ በረኛ ቤጎቪች እ.ኤ.አ. በ2013 በሳውዝሃምፕተን ላይ ጨዋታው በተጀመረ በ13ኛው ሰከንድ ከራሱ ሳጥን የጠለዛት ኳስ ነጥራ በበረኛው ላይ አልፋ ገባች። 91.9 ሜትር ተለካች፣ በጊዜው ክብረ ወሰንም ሆነች። ሰውየው ግን ደስታውን እንኳ አላሳየም፣ ለተጋጣሚው በረኛ አዝኖ። ያም ቢሆን ይቺኛዋ እድል እንደሆነች እሱም አይክድም።

አሁን ወደ ኳሷ እንሂድ። በመንገዷ ላይ ምን ነካት? ተከላካይ ጨርፏት ከሆነ፣ ጎል መዝጋቢዎች የሚሠሩበትን ልማድ ተጠቀሙ፦ ሳትጨረፍ በፊት ወደ ጎሉ እየሄደች ከነበረ ጎሏ የመቺው ናት፣ ወደ ውጪ እየሄደች ከነበረ የተከላካዩ በራስ ላይ ግብ ናት። ቀላል ነው፣ ግን ስንቱን ጭቅጭቅ ያበርዳል መሰላችሁ።

የለየለት እድል ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ሰንደርላንድ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 ያሸነፈበትን ጎል ፈልጎ ይይ። ከተመልካች የተወረወረ ቀይ የፕላስቲክ መጫወቻ ኳስ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሰንደርላንዱ ዳረን ቤንት መታ፣ ኳሷ ቀዩን ገጭታ አቅጣጫ ቀየረች፣ በረኛው ሬይና የቱን እንደሚይዝ ግራ ገባው። በሕጉ ዳኛው ጨዋታውን ማስቆም ነበረበት። አጸደቀው። እዚህ ላይ ስለ ችሎታ የሚያወራ ካለ ሒሳብ ያስከፍሉት።

እድል የሚባለው ነገር ደግሞ ከምንገምተው በላይ ብዙ ነው። የጀርመን የስፖርት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2012/13 እስከ 2018/19 ባሉት ሰባት የውድድር ዘመናት በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የገቡ ከ7,000 በላይ ጎሎችን አንድ በአንድ አይተው ነበር። ተጨርፋ የገባች፣ ቋሚ ገጭታ የገባች፣ ከበረኛ እጅ የተመለሰች፣ ተከላካይ ሳያስበው ያቀበላት፣ ሁሉንም ቆጠሩ። 46 በመቶው ጎል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ተገኘ። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው! ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ጎል እድል አለባት ማለት ስድብ አይደለም።

የነፋሱን ነገር ዝም ብላችሁ አትለፉ፣ በተለይ እኛ አገር። መጋቢት ላይ ማርቆስ ሜዳው አቧራ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል። ከመፍረዳችሁ በፊት አቧራው ወዴት እንደሚሄድ፣ የተመልካቹ ነጠላ ወዴት እንደሚውለበለብ እዩ። ቪዲዮ ካለ ይታያል። ከነፋስ ጋር የተመታች ኳስ ከታሰበላት አልፋ ብትሄድ ትርፉ የነፋሱ ነው።

ከፍታውም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ግድም ናት፣ ባሕር ዳር 1,800 ግድም። ማርቆስ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ኳስን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፣ ርቃ ትሄዳለች፣ መታጠፏም ይቀንሳል። ባሕር ዳር ጣና ዳር የለመደ ልጅ ማርቆስ መጥቶ ሲያሻማ ትንሽ ትረዝምበታለች። የአክስቴ ልጅ ግን እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ነው፣ ይህን ሰበብ አናደርግለትም።

ከዚያ ኳሷ እየተሽከረከረች ነበር ወይ? ይህ ጥሩ መለያ ነው። ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ እ.ኤ.አ. በ1997 ሊዮን ላይ በፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት ያላየ የለም። 35 ሜትር ያህል ነው። በግራ እግሩ የውጪ ጎን መታት፣ ከግድግዳው በቀኝ ወጣች፣ ከጎሉ ጀርባ የቆመ ኳስ አቀባይ ልጅ ወደ እሱ የመጣች መስሎት ሸሸ፣ እሷ ታጥፋ ቋሚውን ነክታ ገባች። በረኛው ባርቴዝ ቆሞ ነበር። የምትሽከረከር ኳስ አየሩን ወደ አንድ ጎን ትገፋለች፣ አየሩ ደግሞ እሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ያን ያህል ሽክርክሪት በአጋጣሚ አይመጣም፣ እግር ነው የሚሰጣት። ስለዚህ በደንብ እየተሽከረከረች የታጠፈች ኳስ ካያችሁ፣ ለችሎታ ነጥብ ስጡ።

ሳትሽከረከር የምትሄደዋ ነች አስቸጋሪዋ። እሷ በአየር ላይ ትወላገዳለች፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ። እንዲህ አድርጎ መምታት ትልቅ ችሎታ ነው፣ ግን ወዴት እንደምትወላገድ መቺውም በትክክል አያውቅም። ችሎታው እድልን መጥራት ነው፣ እንበል። እኔ ለእንዲህ ያለው ጎል ለሁለቱም እኩል እሰጣለሁ። የማይስማማ ካለ ራሱ ይሞክራት።

የመጨረሻው፣ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው፣ መደገሙ ነው። የሊቨርፑሉ ዣቢ አሎንሶ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ሉተን ላይ ከራሱ ሜዳ መትቶ አገባ፣ በረኛው ጎሉን ለቆ ወጥቶ ነበር። እድል ነው ተባለ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኒውካስልን እንደገና ከራሱ ሜዳ መትቶ አገባባቸው። እርግጥ በረኛው ተንሸራቶበታል፣ ግን ሰውየው የሚያይ ዓይን እንዳለው ከዚያ በኋላ ማን ይጠራጠራል? አንድ ጊዜ ብቻ ሆና የቀረች ከሆነች ግን ሰፈራችን ቡና የምታፈላልን እትዬ እንዳለችው ነው፦ ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ በትልልቅ ሊጎች ከ100 ሪጎሬ ከ75 እስከ 80 ያህሉ ይገባል። ከሳጥን ውጪ ከሚመታ ኳስ ግን ከ100 አሥሩ እንኳ አይገባም። ስለዚህ የሰፈራችሁ ልጅ ከ30 ሜትር "ሁሌም አገባታለሁ" ካለ፣ በሉ ወደ ሜዳ በሉት።

እኛም አደረግነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ያው ቦታ ላይ ድንጋይ አስቀመጥን። በረኛው ያው፣ ኳሷ ያቺው። አሥር ጊዜ "ወደ ጎል ምታ" አልነው፣ አሥር ጊዜ "አሻማ" አልነው። ይህን ሙከራ የምታደርጉ ከሆነ ሁለቱን ማፈራረቅ አትርሱ፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ ደክሞት ነው ይላችኋል። 20 ምት ደግሞ ጥቂት ነው፣ ከቻላችሁ በሌላ ቀን ድገሙት። አንድ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቁም፣ አግቢው እንዳይሆን ብቻ።

ወደ ጎል ከመታቸው አሥሩ ወፍ የለም። አንዷ አግዳሚውን ነክታለች፣ ሦስቱ ጤፍ ማሳ ገቡ። ካሻማቸው አሥሩ ግን ሁለቱ ገቡ።

ሁላችንም መሬት ላይ ተንከባለልን። እሱ ግን አልሳቀም። ወረቀቱን ተቀብሎ ደጋግሞ አየና "እንግዲህ ወደፊት ላገባ ስፈልግ አሻማለሁ" አለ። ከዚያ ቡና ቤት ገብተን ማኪያቶውን ከፈለ፣ መልሱን እየተቀበለ ግን ወደ እኔ ዞሮ "ያን ቀን እጄን ያነሳሁት ለደጋፊው ነው፣ ማርያምን" አለኝ።