ለፊልም ገጸ ባሕርይ የትሕትና ንግግር እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ የሚነጋገሩት እነማን እንደሆኑ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ማን ከማን ምን ፈልጎ እንደመጣ።

ቀጥሎ የጉዳዩን ክብደት መዝኑ። ብራውንና ሌቪንሰን የተባሉ የቋንቋ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሥራቸው ትሕትናን በሦስት ነገር ይመዝኑታል፦ በቅርበት፣ በሥልጣን ልዩነትና በሚጠየቀው ነገር ክብደት። የሐሳባቸው ማሰሪያ «ፊት» ነው፤ ሰው በሌሎች ዘንድ እንዲጠበቅለት የሚፈልገው ክብር ማለት ነው። «ፊት ነሳኝ» እያለ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ጨው ለመዋስ የመጣች ጎረቤት ከደጅ ትጣራለች፤ ብር ልትበደር የመጣችው ግን ልጆቹን ጠይቃ፣ ስለ ዝናቡ አውርታ፣ ቡናው በረካ ሳይደርስ ነገሩን አታነሳም።

ፈተናው አንቱታ ላይ ነው። የመጀመሪያ አጭር ፊልሜን ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ስንቀርጽ ዓሣ ሻጯ ለወጣት ደንበኛዋ «እባክዎን ይግዙኝ» እንድትል ጽፌ ነበር። ቆመው የሚያዩት ሻጮች በሳቅ ፈነዱ። አንዷማ «እንዲህ እስክንል ዓሣው አይበላሽም?» አለችኝ። እሷ ብትሆን «ና የኔ ጌታ፣ ላንተ ቀንሼልህ ነው» ነበር የምትለው። «አንተ» ብላዋለች፣ ግን አላዋረደችውም፤ አቅርባዋለች እንጂ። «እባክዎን» ለእኔ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቃል ነው። «እስቲ»፣ «ኧረ»፣ ማዕድ ላይ ደግሞ «በሞቴ» ይሻላሉ።

አንቱታ ጉልበት የሚያገኘው ሲፈርስ ነው። ፊልሙን ሙሉ አማቱን «ይቀመጡ» ሲል የኖረ አማች አንድ ቀን «ተቀመጪ» ቢላት፣ ሙዚቃም ጩኸትም አያስፈልግም። ተቃራኒውም ይሠራል፦ ያኮረፈች ሚስት ባሏን «እርስዎማ ምን ጎደለብዎት!» ስትለው ቤቱ ይቀዘቅዛል። እኔ በአንድ ፊልም ከአንድ ጊዜ በላይ አላደርገውም፤ ሲደጋገም ይደነዝዛል።

ተዋናዮች አንቱታውን እንዳይቀያይሩት ተከታተሉ። አንዱን ትዕይንት ሁለት ጊዜ ቀርጸን፣ ልጁ በአንዱ አባቱን «ይምጡ»፣ በሌላው «ና» ብሎታል። ያስተዋልኩት ኤዲቲንግ ላይ ነው፤ ጠቡ ገና ሳይጀመር አንቱታው ፈርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንቱታው የሚፈርስበትን ግሥ በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበታለሁ።

ከእንግሊዝኛ ስክሪፕት በመተግበሪያ መተርጎም ትርፉ ድካም ነው፤ በዚያ ቋንቋ አያትም ውሻም የሚጠሩት በአንድ ቃል፣ በ«you»፣ ስለሆነ «አንተ» እና «አንቱ» ይደባለቁባችኋል። ይልቅ ጽፋችሁ ስትጨርሱ በዕድሜ ለሚበልጣችሁ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። ፊቱ የተኮሳተረበትን መስመር ምልክት አድርጉበት።