ሴስና 172ን እየበረታና እየላላ በሚነፍስ ነፋስ ማሳረፍ፦ ችግርና መፍትሔ

በእንዲህ ያለ ነፋስ የሚያጋጥሙት ችግሮች ጎልተው የሚታዩት ጎማው መሬት በሚነካበት ቅጽበት ቢሆንም፣ መነሻቸው ብዙውን ጊዜ ቀደም ብሎ፣ አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ሲወርድ በአግባቡ ካልተያዘው ፍጥነት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የባለ አንድ ሞተሩ ትንሽ አውሮፕላን፣ የሴስና 172፣ ናቸው።

ምልክት፦ የፍጥነት መለኪያው መርፌ ይዘላል፤ አውሮፕላኑም ሳይታሰብ ይሰምጣል። ከፊት የሚመጣው ነፋስ በድንገት ሲላላ አውሮፕላኑ ያንኑ ያህል ቶሎ ሊፈጥን ስለማይችል፣ በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ይቀንሳል፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይልም አብሮ ይወድቃል። መፍትሔው ነፋሱ ሲበረታ በሚጨምረው መጠን ግማሽ ያህል ፍጥነት መጨመር ነው። ለምሳሌ ነፋሱ 12 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው) ሆኖ እስከ 22 የሚደርስ ከሆነ ልዩነቱ 10 ነውና፣ በ65 ኖት ይወርዱ የነበሩት በ70 ይውረዱ። መርፌውን እየተከተሉ መሪውን መግፋትና መሳብ አይገባም፤ አማካዩን ይያዙ፣ ቀኝ እጅዎ ከስሮትሉ (የሞተሩን ጉልበት ከሚቆጣጠረው እጀታ) አይነሳ፣ ሲሰምጥም አስቀድመው ጉልበት ይጨምሩ።

ምልክት፦ መሬት አልነካ ብሎ ይንሳፈፋል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተጨመረው ፍጥነት በዝቷል ማለት ነው። በ65 ፈንታ በ75 ኖት የመጣ አውሮፕላን የያዘው የእንቅስቃሴ ኃይል በሲሶ ይበልጣል። በግድ ለማስቀመጥ መሪውን ወደፊት የገፋ አብራሪ የፊት ጎማውን አስቀድሞ ያሳርፋል፤ ከዚያ የሚከተለው ተደጋጋሚ ዝላይ የፊት እግሩን እስከ መስበር ይደርሳል። ከመንደርደሪያው የመጀመሪያ ሲሶ ካለፉ ሙሉ ጉልበት ሰጥተው እንደገና ይነሱ፤ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ከነጠረም እንዲሁ ያድርጉ።

እዚህ ላይ በከፍታ ቦታ ለሚያርፉ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እንደ ቦሌ ባለ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ መለኪያው 65 ሲያሳይ አየሩ ስስ በመሆኑ እውነተኛው ፍጥነት ከ10 በመቶ በላይ ስለሚበልጥ፣ መሬቱ ከታች ሲሮጥ ዓይን ይታለላል። ዓይንን አምኖ ፍጥነት መቀነስ ወደ ስቶል (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ወደሚያጣበት ሁኔታ) የሚወስድ መንገድ ስለሆነ፣ የሚታመነው መለኪያው ነው።

ምልክት፦ ከመሐል መስመሩ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ነፋሱ ከመንደርደሪያው አቅጣጫ 30 ዲግሪ ከዞረ የጎን ግፊቱ የኃይሉ ግማሽ፣ 60 ዲግሪ ከዞረ ደግሞ ወደ 90 በመቶ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ በኤይለሮን (መሪው ሲዞር በክንፎቹ ጫፍ በሚንቀሳቀሰው መቆጣጠሪያ) ዝቅ አድርገው፣ አፍንጫውን በተቃራኒው ራደር (በእግር በሚረገጠው የጭራ መሪ) ከመስመሩ ጋር ያስተካክሉ፤ በዝቅተኛው ክንፍ በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ መንካቱ ትክክል ነው። ነፋሱ ጠንካራ ሲሆን የመንደርደሪያው ርዝመት የሚፈቅደውን ያህል ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል) ማሳነስ ይበጃል። ሙሉ ራደር ረግጠውም አፍንጫው ካልተስተካከለ የጎን ነፋሱ ከአቅም በላይ ነውና ሌላ መንደርደሪያ ይፈልጉ።

ምልክት፦ ካረፈ በኋላ ክንፉ ይነሳል፣ አፍንጫውም ወደ ነፋሱ ይዞራል። ምክንያቱ አብራሪው አረፍኩ ብሎ መሪውን መልቀቁ ነው። ፍጥነቱ ሲቀንስ ኤይለሮኑ እየደከመ ስለሚሄድ፣ መሪውን ወደ ነፋሱ ይበልጥ እያዞሩ እስከ መጨረሻው ያድርሱት፤ አቅጣጫውን በእግር ይጠብቁ። ወደ ማቆሚያው ሲሄዱ ነፋሱ ከኋላ በሰያፍ ከመጣ፣ መሪውን ወደፊት ገፍተው ከነፋሱ በተቃራኒ ያዙሩ፤ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው እስኪደገፍ ድረስም እንዳይለቁት።