የኳስ ጀግኖቹን ሐውልት አትፈትጉት፣ እና ሌሎች ስህተቶች

ሐውልት የሚመረቅ ዕለት ሰው ሁሉ አለ። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ሐውልቱን የሚያበላሹት ስህተቶች የሚመጡት ሰዉ ከተበተነ በኋላ ነው፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከፍቅር የመጡ ናቸው።

ዋናው መፈተግ ነው። ነሐስ አረንጓዴ ሲል «ዛገ!» ይባላል። ግን እንደ ብረት አይዛግም፤ ውስጡ ያለው መዳብ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ስስ ሽፋን ያበጃል፣ ሽፋኑም አብዛኛውን ጊዜ የሥሩን ይጠብቃል። ታዲያ አንድ ታታሪ ደጋፊ የሽቦ ብሩሽ ይዞ ይመጣና እስኪያብለጨልጭ ይፈትገዋል፣ የማሊያው እጥፋት፣ የካልሲው መስመር፣ የቀራፂው የጣት አሻራ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። ሊኩሉ ሄዶ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼ ነው። በረኪናማ ጭራሽ አይነካም፣ ነሐሱን ይበላዋል። ለስላሳ ጨርቅ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትንሽ ለዘብ ያለ ሳሙና ይበቃል። በደንብ ካደረቁ በኋላ ስስ ሰም መቀባት፣ ሰሙንም በየዓመቱ ማደስ ነው። የወፍ ኩስ ግን አሲድነት ስላለው ቶሎ ይታጠብ። ዱቄት የመሰለ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ራሳችሁ አትነካኩት፣ ባለሙያ ጥሩ።

«የክለቡን ቀለም እንቀባው» የሚል ሰው አይጠፋም። እምቢ በሉት።

ከሥር ያለችው ትንሽ ቀዳዳስ? የተረሳች ቀዳዳ መስላቸው በሲሚንቶ የሚደፍኗት አሉ። ነሐስ ሐውልት ውስጡ ባዶ ነው፤ ውስጡ የገባው ውሃ የሚወጣው በእሷ ነው። ስትደፈን ውሃው ይጠራቀማል፣ ውስጥ ደጋፊ ብረት ካለም ያዝገዋል።

አንዳንዱ ስህተት ግን በእንክብካቤ አይድንም። የእንግሊዙ ክለብ ሳውዝሃምፕተን እ.ኤ.አ. በ2007 ለቴድ ቤትስ ሐውልት አቆመ። ሰውየው ለክለቡ ተጫውቷል፣ አሰልጥኗል፣ ፕሬዝዳንትም ሆኗል። ሐውልቱ ግን እግሩ አጠረ፣ ደጋፊው ሳቀበት፣ ወዲያው ተነሳ። በ2008 ሌላ ተተካ። በፖርቱጋሏ ደሴት በማዴይራ ኤርፖርት የቆመው የሮናልዶ የነሐስ ፊትማ የዓለም መሳቂያ ነበር። ነሐስ ሐውልት መጀመሪያ በጭቃ ይቀረፃል፤ ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ሰውየውን በቅርብ ለሚያውቁት ማሳየት ነው፤ አፍንጫ በጭቃ ላይ በአውራ ጣት ይስተካከላል፣ ነሐስ ከሆነ በኋላ ግን ሌላ ወጪ ነው።

ደግሞ «የሁላችንም ነው» አትበሉ። የሁሉም የሆነ ሐውልት አጣቢ የለውም። ክለቡ ነው ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ? ከምረቃው በፊት በወረቀት ይለይ፣ የሰሙና የጥገናው ገንዘብም ከማሠሪያው ጋር አብሮ ይያዝ። ለውጡ እንዲታይ ኃላፊው በየዓመቱ እዚያው አንድ ቦታ ቆሞ ፎቶ ያንሳው። እግሩ ሥር ያለችው ኳስ መነቃነቅ ከጀመረች፣ ልጆች ሲወጡባት ሳትወድቅ ይደረስባታል።