የሰላምና የግጭት ጥናት ለፖሊሲ እንዲበቃ ምን ማድረግ ይገባል?

ጥናትዎ ለዓለም አቀፍ ፖሊሲ እንዲጠቅም ከፈለጉ፣ አስቀድመው ውሳኔ ሰጪዎቹን የቸገራቸውን ጉዳይ ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ1990 በኢራቅ ላይ የተጣለው ሁሉን አቀፍ ማዕቀብ ተራውን ሕዝብ ክፉኛ በመጉዳቱ፣ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ጥፋተኞቹን ብቻ ለይቶ የሚቀጣበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። ይህን ያጠኑት የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብቻቸውን አልጻፉም፤ ዲፕሎማቶችንና የማዕቀብ ባለሙያዎችን አሰባስበው ምክረ ሐሳቡን አብረው ካዘጋጁ በኋላ፣ ሪፖርታቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ለምክር ቤቱ ቀረበ። እርስዎም ውሳኔውን የሚያስፈጽሙትን ሰዎች ከጅምሩ ያሳትፉ።

ምክረ ሐሳብዎ ማን ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያስቀምጥ። የባንክ ሒሳብ ይታገድ ብለው ሲጽፉ፣ ስሙ በስህተት በማዕቀብ ዝርዝር ውስጥ የተመዘገበ ሰው ወዴት አቤት እንደሚልና ቤተሰቡ ለምግብና ለሕክምና የሚሆነው ገንዘብ እንዴት እንደሚለቀቅለት አብረው ይጻፉ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ክፍል ነው።