«ጾመው ይምጡ» ስንል፦ የስኳርና የሆርሞን ምርመራን የሚያበላሹ ስህተቶች

«እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ምንም አልቀመሱም?»

«ኧረ ምን ልቀምስ! ጾመኛ ነኝ።»

«ውኃ ብቻ?»

«ውኃና ትንሽ የሱፍ ፍትፍት።»

ዐቢይ ጾም በገባ ቁጥር ይህን ንግግር ደጋግሜ እሰማዋለሁ። ባሕር ዳር ውስጥ በላቦራቶሪ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ፤ ዛሬም ቆሽቴን የሚያሳርረው ይኸው ነው። ጥፋቱ ግን የእትዬ አይደለም፤ የእኛ ነው። ጾም የሚለውን ቃል ቤተ ክርስቲያን ከእኛ አስቀድማ ይዛዋለች። ለእርሳቸው ጾም ማለት ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ አለመንካት ነው። ለእኛ ደግሞ ከንጹሕ ውኃ በቀር ምንም ሳይቀምሱ ቢያንስ ስምንት ሰዓት መቆየት ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር ከ100 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) በታች ከሆነ ደህና፣ ከ100 እስከ 125 ከሆነ ድንበር ላይ ወይም ቅድመ ስኳር፣ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ የስኳር በሽታ ይባላል (የዓለም ጤና ድርጅት ድንበሩን የሚጀምረው ከ110 ነው)። ታዲያ ያ ፍትፍት ደህናዋን ሴት በአንድ ጠዋት ድንበሩን አሻግሮ ሊጥላት ይችላል። ስለዚህ አሁን «ጾመው ይምጡ» ማለት ትቻለሁ። «ማታ እራት ከበሉ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አፍዎ አይግባ» እላለሁ። ቡና? አይሆንም። ያለ ስኳር ቢሆንም አይሆንም። ከዘጌ የመጣ ቢሆንም አይሆንም።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱ ነው። አንዱን ጎልማሳ ባልደረባዬ «ስምንት ሰዓት ጾመህ ና» አለው። ሰውየው እህል ሳይቀምስ ዋለና ልክ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከንፈሩ ደርቆ በሩ ላይ ቆመ። ምን ያድርግ? የታዘዘውን ፈጽሟል። ስኳሩ ባልከፋ፣ ኮርቲሶልም ታዞለት ነበር። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች የሚያመነጩት ይህ ሆርሞን ከፍ የሚለው ስንነቃ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከሰዓት በኋላ በጣም ይወርዳል። የከሰዓቱን ቁጥር ከጠዋቱ መለኪያ ጋር ያስተያየ ዘመድ «ሆርሞኑ አልቋል» ብሎ ቤተሰቡን ሁሉ አስለቀሰ። የወንዶች ቴስቶስትሮንም እንዲሁ በጠዋት የሚለካ ነው።

ኮርቲሶልን ካነሣሁ፣ እባካችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት አትደብቁን። ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታሶን የሚውጡ ወጣቶች ይመጣሉ፤ ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ትልልቅ ሰዎችም አሉ። ሁለቱም ኮርቲሶልን የሚመስሉ መድኃኒቶች ናቸውና ስኳርን ይሰቅላሉ። ይባስ ብሎ ዴክሳሜታሶን የሰውነትን የራሱን ኮርቲሶል ስለሚያፍነው፣ ወረቀቱ ላይ ኮርቲሶሉ ዝቅ ብሎ ስኳሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም ግራ ይጋባል። ይህ ማለት ግን በሐኪም የታዘዘን ፕሬድኒሶሎን በገዛ እጅ ድንገት ማቋረጥ አይደለም። እርሱ ከስኳሩም የባሰ አደጋ ነው።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን የተባለ ቫይታሚንም በብዙ መሣሪያዎች ላይ አንገት ላይ ያለውን ዕጢ፣ የታይሮይድን፣ ውጤት ያዛባል። ከምርመራው ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ማቆም ነው። ታይሮይድ ደግሞ እንዲሁ የሚናቅ አይደለም። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ከተማ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት፣ ድንበር ላይ ካሉት መካከል ታይሮይዳቸው የደከመባቸው ይበልጥ ወደ ስኳር በሽታ እንደሚሻገሩ አሳይቷል።

ከሆርሞኖቹ ሁሉ በብዛት ሲሳሳቱበት የማየው ግን ከቆሽት የሚወጣውና የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ነጋዴ ሁለት ወረቀት ይዞ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። አምና 24 የነበረው ኢንሱሊን ዘንድሮ 11 ሆኗል። «ዳንኩ!» አለ። ስኳሩን ሳየው ግን ከ112 ወደ 124 ወጥቷል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰውነት ኢንሱሊንን አልሰማ ሲል ቆሽት ምርቱን ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ስኳሩ ደህና ይመስላል፤ ከፍ የሚለው ኢንሱሊኑ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቆሽት ይዝላል፣ ምርቱ ይቀንሳል፣ ስኳሩም ሽቅብ ይሄዳል። ስለዚህ ስኳር እየወጣ ኢንሱሊን ሲወርድ መደሰት፣ በሬው ደክሞት መሳቡን ሲተው «ማላቡን አቆመ» ብሎ እንደሚደሰት ገበሬ መሆን ነው። በዚያ ላይ ሁለቱ ወረቀቶች ከሁለት የተለያዩ ላቦራቶሪዎች የመጡ ነበሩ። የኢንሱሊን መለኪያ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ለማወዳደር አይመችም፤ ቅድመ ስኳር መሆንና አለመሆንም በኢንሱሊን ቁጥር አይወሰንም። ይኸው ሰው «ያሉትን ሆርሞኖች በሙሉ ለካልኝ» አለኝ። ገንዘቡን ለጫማ ግዛበት አልኩት፤ ተቀየመኝ። የቀለድኩ መስሎታል። በአሜሪካ ድንበር ላይ በነበሩ 3,234 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት፣ ከክብደታቸው 7 በመቶ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ የተረዱት ወደ ስኳር በሽታ የመሻገር ዕድላቸው በ58 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት የተሰጣቸው በ31 በመቶ ነው የቀነሰላቸው።

ማር ስኳር ነው። የጤፍ እንጀራም ሲበዛ ይበዛል።

የሦስት ወር ስኳር የሚባለው ምርመራ ጾም ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው ይወደዋል፤ ከ5.7 እስከ 6.4 በመቶ ድንበር ነው። ነገር ግን የሚለካው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነውና የሴሉ ዕድሜ ሲዛባ ቁጥሩም ይዛባል። ከፎገራ በኩል ወባ ታመው የሰነበቱ ሰዎች ሲመጡ፣ ወባው ሴሎቹን ስለሚያፈርስ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ሊወጣ ይችላል። የብረት እጥረት ያለባት ሴት ላይ ደግሞ ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል። ወባ መታመማችሁን፣ መውለዳችሁን፣ ደም መውሰዳችሁን ንገሩን።

75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታችሁ ሁለት ሰዓት ጠብቁ ስትባሉም ተቀመጡ። አንዱ ጠጥቶ ወጣና በሐይቁ ዳር በዘንባባው ጥላ ሥር በፍጥነት ሲራመድ ቆይቶ፣ ሸሚዙ በላብ ርሶ ተመለሰ። ጡንቻው ስኳሩን ሲበላው ስለቆየ ምርመራው በሌላ ቀን ተደገመ።

የሌላውን ሰው ብቻ ሳወራ ቆየሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰው በበዛበት ሰኞ ጠዋት፣ የአንድ መምህር ደም ባለ ቀይ ክዳን ቱቦ ውስጥ፣ ሴሎቹን በሚለየው መሣሪያ ሳይሽከረከር፣ ሦስት ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ረስቼው ነበር። በቱቦ ውስጥ ያሉ የደም ሴሎች በሕይወት ስላሉ ስኳሩን መብላታቸውን አያቆሙም፤ በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሱታል። ውጤቱ 98 ወጣ። «ደህና ነዎት» ተብለው ሄዱ። በዓመት ከመንፈቅ ሲመለሱ 141 ነበር። ወደኋላ ሳሰላው ያኔ እውነተኛው ቁጥር 118 አካባቢ ሳይሆን አይቀርም፤ ማለትም መራመድና ክብደት መቀነስ ብዙ ሊረዳቸው በሚችልበት ጊዜ ነበር። ጥፋቴን ነገርኳቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ ስኳርን ከሴሎቹ የሚጠብቀው ቱቦ የትኛው እንደሆነ ጠየቁኝ። ዛሬም በየሦስት ወሩ ይመጣሉ። እጅጌያቸውን ከመሰብሰባቸው በፊት መነጽራቸውን ያደርጉና ቱቦውን ይመለከታሉ፦ «ክዳኑ ግራጫ ነው አይደል?»